በሁርሊንግሃም በረንዳ ላይ የተነደፈው የጨረቃ መንደር

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሐዋሳ፣ በዲላና በያቤሎ አልፎ፣ ሞያሌን ተሻግሮ ወደ ናይሮቢ በየብስ የሚጓዝ ሰው፣ ስለ ድንጋይና ስለ ውኃ ሳያስብ ካሰበበት አይደርስም። እኔ ይህን መንገድ የያዝሁት ለሌላ ጕዳይ ነበር። በሁርሊንግሃም የምትኖረው የእኅቴ ልጅ ሁለተኛ ልጇን በሰላም ስለ ተገላገለች፣ የገንፎ ዱቄትና የተነጠረ ቅቤ ይዤ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ለማለት ነበር የሄድሁት። ይሁን እንጂ በዚያ ሰፈር ያሳለፍሁት ሦስት ሳምንት፣ ሳላስበው፣ ስለ ጨረቃ መንደር አሠራር ስንመክርና ስንከራከር አለፈ። ነገሩ እንዴት እንደ መጣ ለመግለጽ ከመንገዱ ልጀምር።

ከያቤሎ ወደ ሜጋ ሲወረድ፣ በዱብሉቅ አካባቢ፣ ቱላ የተባሉት የቦረና ጥልቅ የውኃ ጕድጓዶች ይገኛሉ። ከጕድጓዱ ሥር እስከ አፉ ድረስ ጐልማሶች እንደ መሰላል አንዱ ከአንዱ በላይ ቆመው፣ መቅጃውን ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ፣ ድካማቸውን በዜማ እያስታገሡ ለከብቶቻቸው ውኃ ያወጣሉ። ውኃው የሚገለበጥበት ገንዳ ከዚያው ከስፍራው አፈር በጭቃ የተለሰነ ነው፤ ሲሰነጠቅም በዚያው አፈር ይጠገናል። የማን ከብት በየትኛው ቀን፣ ከማን ቀጥሎ እንደሚጠጣ በሥርዐት የተወሰነ ሲሆን፣ ይህን ተራ የሚያስከብር አባ ሄሬጋ የሚባል ኀላፊ አላቸው። በጕድጓዱ አፍ ላይ ሆኖ ወደ ታች የተመለከተ ሰው፣ አንዲት ባልዲ ውኃ የስንት ሰው ጕልበት እንደሆነች በዐይኑ ያያል። ከእነዚያ ሰዎች መካከል ውኃ ሲደፋ የሚስቅ የለም።

ሞያሌን አልፎ ማርሳቢት ከመድረሱ በፊት ደግሞ ዲዳ ገልገሉ የሚባል ምድረ በዳ አለ። ዐይን እስከሚደርስ ድረስ ጥቍር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተዘራበት ሜዳ ነው። የተሳፈርሁበት መኪና መስኮት ላይ ተደግፌ፣ «እዚህ ቦታ ሰፍራችሁ መንደር ሥሩ ብንባል የግድግዳው ነገር አያሳስበንም ነበር፤ የሚያሳስበን የምንጠጣው ነው» ብዬ ማሰቤ ትዝ ይለኛል። የጦር ሰፈር ሰው ወደ አዲስ ስፍራ በደረሰ ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው ይህንኑ ነውና፣ ሐሳቡ አንባቢዎቼን አያስገርማቸውም።

ሁርሊንግሃም ከናይሮቢ መሐል ከተማ በስተ ምዕራብ፣ በኪሊማኒ አጠገብ የምትገኝ ሰፈር ናት። ስሟ ቅኝ ገዥዎቹ ከለንደን ይዘውት የመጡት ነው። ዋናው ጐዳና ግን ዛሬ የሚጠራው ከመጀመሪያዎቹ ኬንያውያን ጠበቆች አንዱ በነበሩትና እ.ኤ.አ. በ1969 በመኪና አደጋ በሞቱት ሚኒስትር በአርጊንግስ ኮዴክ ስም ነው። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ፣ በሌናና ጐዳና፣ የኬንያ መከላከያ ዋና መሥሪያ ቤት ኡሊንዚ ሀውስ ይገኛል፤ ኡሊንዚ በስዋሂሊ መከላከያ ማለት ነው። ኢትዮጵያውያን በሰፈሩ ጥቂት አይደሉም። ጠዋት በእግሩ የወጣ ሰው የቡና ጢስ ይሸተዋል፤ የእንጀራ ምጣድ ድምፅ የሚሰማበት ግቢም አለ። አፈሩ ቀይ ነው፤ ዝናብ ሲጥል የጫማን ተረከዝ እንደ ቀለም ይነክራል።

በሰፈሩ ሁለት ዐይነት ቤት ጐን ለጐን ይታያል። አንደኛው የድሮው ነው፤ ባለ አንድ ፎቅ፣ ግድግዳው ግራጫ ጥርብ ድንጋይ፣ ጣሪያው ቀይ የሸክላ ክዳን፣ ዙሪያው አጥርና ዛፍ። ሁለተኛው ዐሥር፣ ዐሥራ አምስት ፎቅ የሚወጣው የኮንክሪት ሕንፃ ነው። የመጀመሪያው ዐይነት በየዓመቱ እየፈረሰ ለሁለተኛው ቦታ ይለቅቃል። የእኅቴ ልጅ የምትኖረው ከሁለተኛው ዐይነት፣ በአምስተኛው ፎቅ ላይ ነው። ከበረንዳዋ ፊት ለፊት አንድ አሮጌ የድንጋይ ቤት፣ በስተ ቀኝ ደግሞ ገና በመሠራት ላይ ያለ ሕንፃ ይታያል። ከዚህ በታች የምተርከው ነገር ሁሉ የተፈጸመው በእነዚህ በሦስቱ መካከል ነው።

ስለ ግራጫው ድንጋይ ጥቂት ማለት ይገባል። ናይሮቢ እ.ኤ.አ. በ1899 የባቡር ሐዲድ ሠራተኞች ጣቢያ ሆና ስትቈረቈር ከተማዋ የመጣችው ተጭና ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ቆርቆሮው፣ ብረቱ፣ ምስማሩ በመርከብና በባቡር የደረሰ ነው። ወዲያው እ.ኤ.አ. በ1902 የወረርሽኝ በሽታ ገብቶ የገበያው ሰፈር በእሳት እንዲቃጠል ተደረገ። ከዚያ በኋላ ነው ነዋሪው እግሩ የቆመበትን መሬት አስተውሎ የተመለከተው። የጥንት እሳተ ገሞራ የተፋው አመድ ረግቶና ጠንክሮ፣ በመዶሻና በመሮ የሚጠረብ፣ ሸክምን የሚችል ድንጋይ ሆኖ ከሥሩ ተኝቶ ነበር። የናይሮቢ ድንጋይ የሚባለው ይህ ነው። ከሁርሊንግሃም ወደ መሐል ከተማ ሲወረድ የሚታየው፣ እ.ኤ.አ. በ1917 የመሠረት ድንጋዩ ተቀምጦ በ1952 የተጠናቀቀው የቅዱሳን ሁሉ ካቴድራል በግራጫ ድንጋይ የታነጸ ነው። በእኛም አገር የአዲስ አበባን አሮጌ ቤቶች መሠረት ያየ ሰው የዚህን ድንጋይ ዘመድ ያውቀዋል።

የውኃው ታሪክ የድንጋዩን ያህል ደስ አያሰኝም። ናይሮቢ የሚለው ስም ራሱ የመጣው «ቀዝቃዛ ውኃ» ከሚል የማሳይ ቃል ነው። ዛሬ ግን ከተማዋ የምትጠጣውን አብዛኛውን ውኃ የምታገኘው ከአበርዴር ተራሮች ሥር እ.ኤ.አ. በ1994 ከተጠናቀቀው፣ 70 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ከሚይዘው የንዳካይኒ ግድብ ነው። የሕዝቡ ቍጥር ከግድቡና ከቧንቧው ቀድሞ ስለ ሄደ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 መባቻ ውኃ በፈረቃ መታደል ጀመረ። አቅም ያለው ጕድጓድ ያስቈፍራል፤ ከጥልቁ የሚወጣው ውኃ ግን ብዙ ጊዜ ጥርስንና አጥንትን የሚጐዳ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የቀረው ሕዝብ በየጣሪያው ሮቶ ይሰቅላል፣ ቦቴ ያስመጣል፣ ወይም ጀሪካን በእጅ ጋሪ ከሚገፉ ነጋዴዎች ይገዛል።

እንግዲህ እኔ የደረስሁት ሕፃኑ በተወለደ በዘጠነኛው ቀን ነው። በዚያ ሕንፃ ውኃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን ሲሆን፣ በዚያ ሳምንት አንደኛው ቀን ቀረ። አራስ ቤት ምን ያህል ውኃ እንደሚፈልግ በጦር ሰፈር የምትኖሩ እናቶች ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ፤ የሕፃን ገላ፣ የሽንት ጨርቅ፣ የገንፎ ድስት፣ የጠያቂ ሲኒ። በኵሽናው ጥግ የቀሩት ጀሪካኖች ሦስት ነበሩ። በዚያኑ ጠዋት በስተ ቀኝ ባለው ሕንፃ ላይ በዋዜማው የተሞላውን የኮንክሪት ወለል ሁለት ሠራተኞች በጐማ ቱቦ ያጠጡ ነበር። ውኃው ከወለሉ ጠርዝ እየተንጠባጠበ ወደ መንገዱ ይወርድና ቀዩን አፈር ይዞ ወደ ቦይ ይገባል። የእኅቴ ልጅ ሕፃኑን እንደ ታቀፈች በበረንዳው በር ቆማ ይህን ስትመለከት ቈየችና፣

«ምን ይደረግ ጋሼ፣ ሲሚንቶውም እኮ አራስ ነው!» አለችኝ።

ሳቅን። ነገር ግን ቃሏ እውነት ነበረው። አንድ 50 ኪሎ ግራም ሲሚንቶ ሲቦካ 25 ሊትር ያህል ውኃ ይጠጣል። አንድ ሜትር ኩብ ኮንክሪት እንዲሁ በጥቅሉ ሰባት ከረጢት ሲሚንቶ ቢገባበት፣ ለማቡኪያ ብቻ 175 ሊትር ይሄዳል። ከዚያም ጥንካሬ እንዲያገኝ ቢያንስ ሰባት ቀን ርጥበቱ ሳይለየው መክረም አለበት። ቀድሞ ከደረቀ ይሰነጠቃል። ፊት ለፊት ያለው የድንጋይ ቤት ግን ሲሠራ ውኃ የጠጣው በድንጋዩና በድንጋዩ መካከል ባለው ቀጭን መያዣ በኩል ብቻ ነው፤ ድንጋዩን እሳተ ገሞራው አስቀድሞ ጋግሮታል። ሰው ሁሉ የግንባታ ዕቃን ጕዳይ ከመሐንዲሱ፣ የውኃን ጕዳይ ከቤት እመቤቷ መዝገብ ላይ ለየብቻ ይጽፈዋል። በዚያ በረንዳ ላይ ግን ሁለቱ አንድ ሒሳብ እንደሆኑ ተገለጠልኝ። ይህን ስል ኮንክሪትን ለመንቀፍ አይደለም። ዐሥራ አምስት ፎቅ በጥርብ ድንጋይ አይቆለልም፤ ሕዝቡም የሚያድርበት ያስፈልገዋል። የነቀፍሁት መንገድ ላይ የሚፈሰውን ነበር።

የጨረቃው ነገር የመጣው በዚያው ዕለት ማታ ነው። የዐሥራ አንድ ዓመቱ የቤቱ ታላቅ ልጅ፣ «በጨረቃ ላይ የሚሠራ መንደር ንደፉ» የሚል የቤት ሥራ ከትምህርት ቤት ይዞ መጣ። በረንዳው ላይ ወረቀቱን ዘርግቶ በቀለም እርሳስ የሣለውን አሳየኝ። የመስታወት ጕልላት፣ ረዣዥም የኮንክሪት ሕንፃዎች፣ በመካከሉም የመዋኛ ገንዳ ነበረበት። እናቱ ከውስጥ ሆና፣ «ኬንያና ጨረቃ ምን አገናኛቸው ደግሞ?» አለች። በዚህ እንኳ ተሳስታለች። ከማሊንዲ በላይ በንጎሜኒ የባሕር ዳርቻ፣ በውኃ ላይ ከተተከለ የጣሊያን የሮኬት መድረክ፣ እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1988 ሳተላይቶች ይተኰሱ ነበር። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 12 ቀን 1970፣ በኬንያ የነጻነት በዓል ዕለት፣ ከዚያ የመጠቀችው ሳተላይት በስዋሂሊ «ኡሁሩ»፣ ማለትም ነጻነት ተብላ ተሰይማለች። እኛም ብንሆን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2019 የራሳችንን ሳተላይት ከቻይና ምድር አስወንጭፈናል። ስለዚህ የልጁ የቤት ሥራ የሩቅ ሰው ቅንጦት አይደለም።

«ሥዕሉ ግሩም ነው፤ ውኃው ግን ከየት ይመጣል?» ብዬ ጠየቅሁት።

«በቦቴ ነዋ አባባ!» አለ፤ እውነትም በወረቀቱ ማዕዘን ላይ ክንፍ ያለው የሮኬት ቦቴ ሥሎ ነበር። በሁርሊንግሃም ያደገ ልጅ ውኃ ከሌላ ከየት ይመጣል ይበል?

ሒሳቡን አብረን አደረግነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ሰዎችን ለመጀመሪያ ጊዜ ጨረቃ ላይ ያሳረፈው ሳተርን 5 ሮኬት ከመሬት ሲነሣ 3,000 ቶን ገደማ ይመዝን ነበር። ከዚያ ሁሉ ውስጥ ጨረቃ ላይ እንዲያርፍ የተላከው ክፍል ነዳጁን ጨምሮ 15 ቶን ያህል ብቻ ነው። አንድ ሜትር ኩብ የናይሮቢ ድንጋይ ደግሞ ወደ ሁለት ቶን ይመዝናል። ልጁ ጥቂት አሰበና፣ «ታዲያ አንድ ክፍል ቤት እንኳ አይደርስም» አለ። አዎን፤ አይደርስም። ለዚህ ነው ስለ ጨረቃ ሰፈራ የሚያጠኑ መሐንዲሶች ሁሉ ከእግራቸው ሥር ያለውን አፈር ወደ ማጥናት የተመለሱት።

አፈሩ ደግሞ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የኢትዮጵያ ከፍተኛ ስፍራዎች የተነጠፉበት ጥቍር ድንጋይ ባሳልት ይባላል፤ በጨረቃ ፊት ላይ ጠቍረው የሚታዩት ሜዳዎችም ባሳልት ናቸው። በዲዳ ገልገሉ ያየሁትን የድንጋይ ባሕር፣ ዛፍና አየር የሌለበት አድርጎ ማሰብ ነው። በላዩ ላይ ግን ለብዙ ሚሊዮን ዓመታት በበራሪ ጠጠሮች የተወቀጠ፣ እንደ ዱቄት የላመና እንደ መስታወት ስባሪ የሚቈርጥ ትቢያ ተደላድሎበታል። ቀኑ የእኛን ዐሥራ አራት ቀን ያህል ይረዝማል፤ ሙቀቱም 120 ዲግሪ ይደርሳል። ሌሊቱም የዚያኑ ያህል ረዥም ሆኖ ከዜሮ በታች እስከ 130 ዲግሪና ከዚያም በላይ ይወርዳል። ጨረሩን የሚመልስ አየር ስለሌለ፣ የመስታወቱ ጕልላት ውበት እንጂ መጠለያ አይሆንም። ሰውን ከጨረር፣ ከጠጠርና ከሙቀት መለዋወጥ የሚጠብቀው ሁለትና ሦስት ሜትር ውፍረት ያለው አፈር ነው።

አንባቢዬ ወታደር ከሆነ እስከ አሁን ስሙን ጠርቶታል፤ ምሽግ ነው። የአፈር ከረጢት ሞልቶ መደርደር ማንም ተራ ወታደር የሚያውቀው ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 ስለ ጨረቃ ሰፈራ በተደረገ የጠበብት ጉባኤ ላይ፣ ናደር ኻሊሊ የተባለው ትውልደ ኢራናዊ አርኪቴክት ያቀረበው ሐሳብም ከዚህ የራቀ አልነበረም። ረዣዥም ከረጢቶች በስፍራው አፈር ይሞላሉ፤ እንደ እንስራ አሠራር እየተጠመዘዙ ወደ ላይ እየጠበቡ ጕልላት ይሆናሉ። በመሬት ላይ በሠራቸው ቤቶች፣ ከረጢቱ እንዳይንሸራተት በየድርድሩ መካከል እሾሃማ ሽቦ ይዘረጋበታል። የአፈር ከረጢትና እሾሃማ ሽቦ! ስንቶቻችን በእነዚህ በሁለቱ መካከል ስንት ሌሊት አድረናል? ለውጊያ የተፈጠረው ዕቃ ሕፃን ለሚያድግበት ቤት ይታሰባል ብዬ ግን በወጣትነቴ አልገመትሁም። ልጁ ከሁሉ ይልቅ የወደደው ይህን ነው፤ «አንተ ሠርተህ ታውቃለህ አባባ?» እያለ አሠራሩን ደጋግሞ አስነገረኝ፤ እኔም ጥቂት ሳልኰራበት አልቀረሁም።

የልጁን የኮንክሪት ሕንፃ ነገር ግን እንዲሁ አልጣልነውም። እ.ኤ.አ. በ1986 አንድ ተመራማሪ፣ ቲ. ዲ. ሊን፣ አፖሎ 16 ካመጣው የጨረቃ አፈር 40 ግራም ያህል ተሰጥቶት ኮንክሪት ሠራበት፤ ጥንካሬውም ከተራው ኮንክሪት የሚበልጥ ሆኖ ተገኘ። አፈሩ ስንፍና የለበትም ማለት ነው። ችግሩ የሚጀምረው ሲሚንቶው በሚጠማበት ጊዜ ነው። በዚህም ምክንያት ሌሎች ውኃ ፈጽሞ የማይገባበት ኮንክሪት አስበዋል፤ ድኝ ይቀልጥና ከአፈሩ ጋር ይደባለቃል፤ ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል። ይህም ነቀፋ አለበት። ድኝ የሚቀልጥበት ሙቀት ከጨረቃ ቀትር ሙቀት ብዙም ስለማይለይ፣ ጥላ ወይም የአፈር ልባስ ካላገኘ ቤቱ በቀን ይለሰልሳል። ልጁ «ቤቱ እንደ ቅቤ?» ብሎ ወደ እኔ የቅቤ ዕቃ ተመለከተ።

ሰው የስፍራውን ዕቃ አይቶ ቤት መሥራቱ አዲስ ጥበብ አለመሆኑን ለማስረዳት ሁለት የአገራችንን ምሳሌ ነገርሁት። አንደኛው ዳሎል ነው። በአፋር ዝቅተኛ ስፍራ፣ እንጨትም ለም አፈርም በሌለበት፣ ከጨው ንጣፍ ተቈርጠው በወጡ ጡቦች የተሠሩ ቤቶች ፍራሽ እስከ ዛሬ ቆሞ ይታያል። ዝናብ በሚዘንብበት አገር የጨው ቤት እብደት ነው፤ በዳሎል ግን ከሁሉ የተሻለው ብልሃት እርሱ ነበር። ሁለተኛው ላሊበላ ነው። ዐሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት ከሌላ ቦታ በመጣ ድንጋይ አልተገነቡም፤ ከቆሙበት ከአንዱ አለት ተፈልፍለው ወጡ እንጂ። በጨረቃም አለት የፈለፈለው አስቀድሞ ያለ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2009 የጃፓን መንኮራኩር ባነሣው ሥዕል፣ የጥንት ቅልጥ አለት ፈስሶ ካለፈበት ዋሻ ጋር የተያያዘ የሚመስል ጥልቅ ጕድጓድ ተገኝቷል። ተመሳሳዩን ለማየት ከሁርሊንግሃም ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ከናይሮቢ በስተ ምዕራብ በስምጥ ሸለቆ ባለው በሱስዋ ተራራ እንዲህ ያሉ ዋሻዎች አሉ፤ ዛሬ ዝንጀሮዎች ያድሩባቸዋል።

በሦስተኛው ቀን የቤታችን ውኃ ወደ አንድ ጀሪካን ወረደ። የቦቴው ሰው ስልክ አያነሣም። ሕፃኑ በሙቀቱ ሲነጫነጭ አደረና እናቱ ፊቷ ተለወጠ፤ እስከዚያ ሰዓት ስትቀልድ የነበረችው ልጅ፣ «ጋሼ፣ ለእኔ ግድ የለም፤ ለእርሱ ግን…» ብላ ቃሏን ሳትጨርስ ተወችው። እኔና ታላቁ ልጅ ሁለት ባዶ ጀሪካን ይዘን ወረድን። ፊት ለፊት ያለው የድንጋይ ቤት ባለቤት አንዲት አሮጊት ናቸው። ልጁ በስዋሂሊ በአክብሮት ሰላምታ ሰጥቶ ችግሩን ነገራቸው። ምንም ሳይሉ ወደ ጓሮ ወሰዱን። ከቀዩ ጣሪያ ዙሪያ የተዘረጋው አሸንዳ የሚያጠራቅመው የዝናብ ውኃ ያለበት ትልቅ ታንከር ነበር። ቧንቧውን በእጃቸው ከፈቱልን፤ ሕፃኑ የሚነካውን ሁሉ አፍልተን እንድንጠቀም አደራ አሉን። ማታ የእኅቴ ልጅ ቡናና ዳቦ ላከችላቸው።

ያንን ጣሪያ ከበረንዳው ላይ ሆኜ በዐይኔ ለካሁት። አንድ መቶ ካሬ ሜትር ቢሆንና በናይሮቢ በዓመት 900 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ቢዘንብ፣ የሚወርድበት 90,000 ሊትር ነው፤ አንድ አምስተኛው ቢባክን እንኳ 72,000 ሊትር፣ ማለትም 3,600 ጀሪካን ይቀራል። ታንከሩ ይህን ሁሉ አይዝም፤ በክረምት ሞልቶ ይፈስሳል፤ በበጋ ይጐድላል። ቢሆንም ያ አሮጌ ቤት ግድግዳው ውኃ ሳይጠይቅ ተሠርቶ፣ ጣሪያው ውኃ ሲሰጥ ይኖራል። ለጨረቃ እንኳ ዝናብ የለምና ይህ አይሠራም። በዚያ የሚታሰበው ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2009 በደቡብ ዋልታዋ አጠገብ፣ ፀሐይ በማታገኘው ካቤውስ በተባለ ጕድጓድ ላይ አንድ የሮኬት አካል ሆን ተብሎ እንዲወድቅ ተደርጎ፣ ከተነሣው አፈር ክብደት በመቶ አምስት ገደማ ውኃ መሆኑ ታውቋል። አንድ ቶን በረዶ ያዘለ አፈር ቈፍሮ፣ አሙቆ፣ እንፋሎቱን አጥምዶ 50 ሊትር፤ ሁለት ተኩል ጀሪካን። የዱብሉቅ ሰዎች ቢሰሙት የሚገርማቸው አይመስለኝም።

እንደዚያ የሚገኝ ውኃ አንዴ ተጠጥቶ አይጣልም። በሰማይ በሚዞረው ዓለም አቀፍ የጠፈር ጣቢያ ለአንድ ሰው በቀን የሚታሰበው ውኃ 3.8 ሊትር ያህል፣ በወታደር ቋንቋ አራት ኮዳ አይሞላም። ለአራት ሰው በዓመት 5,500 ሊትር ይሆናል። እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በጣቢያው ሽንትን ወደ ንጹሕ ውኃ የሚመልስ መሣሪያ ይሠራል፤ የትንፋሽና የላብ ርጥበትም ከአየሩ ይሰበሰባል። እ.ኤ.አ. በ2023 ከመቶው 98 እጁን መልሶ መጠቀም ተችሏል። እንዲህ ከሆነ ከ5,500 ሊትር በዓመት የሚጠፋው 110 ሊትር፣ ስድስት ጀሪካን የማይሞላ ነው። ልጁ ስለ ሽንቱ ሲሰማ አፍንጫውን ያዘ። እናቱ ግን የጠየቀችው ሌላ ነው፤ «የሽንት ጨርቁንስ በምን ያጥቡታል?» አለች። በጣቢያው ልብስ አይታጠብም፤ ተለብሶ ሲቈሽሽ ይጣላል አልኋት። «እንግዲያው እኔን አራስ ሆኜ እዚያ የሚልከኝ የለም!» ብላ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ሳምንት ከልቧ ሳቀች።

በቀጠሉት ቀናት ቤቱ በራሱ ጊዜ ጣቢያ ሆነ። ልጁ በጀሪካኖቹ ላይ ቍጥር ጻፈባቸው። 1 የፈላውና የሚጠጣው፤ 2 የሕፃኑ ገላ የታጠበበት፣ ቀጥሎ ጨርቁ የሚነከርበት፤ 3 ጨርቁ የታለቀለቀበት፣ ወለል የሚጠረግበትና በመጨረሻ ሽንት ቤት የሚደፋው። በጦር ሰፈር ያደገች ሚስት ይህን ሳይነግሯት ታደርገዋለች፤ በቧንቧ ቤት ያደገ ልጅ ግን በቍጥር ሲያየው ነው የገባው። ከሁለተኛው ወደ አንደኛው ፈጽሞ እንዳይመለስ ደግሞ እናቱ እንደ አባ ሄሬጋ ትቈጣጠር ነበር።

እኔም አንድ ቀን ወደ ሕንፃው ሥራ ሄጄ የሠራተኞቹን አለቃ አነጋገርሁት። ወለሉን ካጠጡ በኋላ በላስቲክ ቢሸፍኑት ርጥበቱ ሳይተን እንደሚቈይና ውኃው እንደማይባክን ነገርሁት። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነበር፤ ላስቲክ እንዲገዛለት ጠይቆ እንዳልተገዛለት፣ የውኃው ሒሳብ ግን በሌላ ሰው እንደሚከፈል አስረዳኝ። ላስቲኩ እስክመለስ ድረስ አልመጣም። ነገር ግን ከወለሉ ጠርዝ ሥር በርሜል አስቀምጦ፣ የሚንጠባጠበውን ልጁ ጠዋት ጠዋት እንዲቀዳ ፈቀደለት። በኵሽናው ጥግ አራተኛ ጀሪካን ተጨመረ፤ ውኃው ነጣ ያለና ኖራማ በመሆኑ ከሽንት ቤት በቀር ለሌላ አይሆንም። ልጁ ቍጥር አልጻፈበትም፤ «የሲሚንቶው» ብሎ ነው የጻፈበት።

የመሄጃዬ ዋዜማ ማታ አዲሱን ንድፍ አመጣልኝ። የመስታወቱ ጕልላት ጠፍቶ፣ በከረጢት የተካቡና እስከ ወገባቸው በአፈር የተቀበሩ ክብ ቤቶች ተደርድረዋል። ዋሻ አለ። በእያንዳንዱ ቤት ሥር ቍጥር ያላቸው ጀሪካኖች በቀጭን ቧንቧ ተያይዘዋል። የመዋኛው ገንዳ ቦታ ምን እንደሆነ ስጠይቀው፣ ሕፃን ወንድሙ የሚታጠብበት ሳፋ መሆኑን ነገረኝ። በመንደሩ መግቢያ ላይ በአማርኛና በስዋሂሊ የተጻፈ ማስታወቂያ ተተክሏል፤ «ቦቴ አይመጣም» ይላል።